አባት አያድርም

ስሙ በመዝገብ ላይ ሌላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ግን ከመምህር እስከ ዘበኛ "አባወራው" ነበር የሚሉት። ስሙ የወጣለት አንደኛ ዓመት ሳለ ነው፤ ጓደኞቹ ቅዳሜያቸውን ኳስ ሜዳ ሲያሳልፉ እሱ ከግቢው ጀርባ በተከራያት ክፍል ደጃፍ የሕፃን ልብስ ሲያሰጣ ያዩት ዕለት። ያኔ ሚስቱ በሕይወት ነበረች፤ ቀልዱም ያስቅ ነበር። አራተኛ ዓመት ሲገባ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

ሚስቱ ከወለደች ወዲህ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። "የወለደ ሰው ይደክመዋል" ይባባሉ ነበር ሁለቱም። እግሯ ሲያብጥ ሐኪም ቤት እንሂድ አላት። "ፈተናህን ጨርስና እንሄዳለን" አለችው። ፈተናውን ጨረሰ፤ ልቧ ግን እስከዚያ አልጠበቀም። ገና መቀመጥ የጀመረችውን ልጃቸውን ሚጣን አማቱ ታቅፈው ወደ ከተማቸው ወሰዷት። ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ነው። ማንም "ስጠን" ሳይለው፣ እሱም "ውሰዷት" ሳይል፣ ነገሩ በለቅሶው መሀል እንዲሁ ሆነ።

በየዕረፍቱ እየሄደ ያያት ነበር። ሦስት ዓመት ከሞላት በኋላ በሄደ ጊዜ በሩን የከፈተችለት ራሷ ሚጣ ነበረች። አየችውና ወደ ውስጥ ዞራ፣ "እማማ፣ ጋሼ መጣ!" አለች። አልጋ ላይ የዋሉትን አያቷን ግን "አባዬ" ነበር የምትላቸው። ያቺ "ጋሼ" እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረችበት። በማግስቱ የልጅቷን ልብስ መሰብሰብ ጀመረ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አሉት አማቱ።

"ልጄን ልወስድ ነው።"

"ወዴት? ወደዚያች ጉረኖ? አርፈህ ተማር እንጂ! እኔ መች ሰለቸችኝ አልኩህ?"

"እንዳልሰለቸችዎት አውቃለሁ፣ እማማ። ግን አባት አላት።"

አማቱ አፋቸው ቁጥብ ነው፤ ያን ቀን ግን አመለጣቸው። "አንድ ልጅ ሰጥቼህ ምን አድርገህ እንደመለስክልኝ አይቻለሁ።"

አማቱ እያለቀሱ የሚጣን ሹራብ አጣጥፈው ቦርሳው ላይ አኖሩለት፤ እሱም ዓይናቸውን ሳያይ ወጣ። አውቶቡሱ ውስጥ ሚጣ "እማማስ?" እያለች አልቅሳ አልቅሳ፣ ሲደክማት ጉልበቱ ላይ ተኛች።

ክፍሏ ከአንድ አልጋ፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ምድጃ በላይ አትይዝም። የግቢው ባለቤት ተከራዮቹ ሁሉ "እትዬ" የሚሏቸው ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሲሆኑ፣ ዛሬም ፊታቸው የቆመውን ሰው ሌላ ከተማ እንዳለ አድርገው ነው የሚያናግሩት። ጠዋት ጠዋት ሚጣን እሳቸው ያዩለታል። ምሳ ከበሉ በኋላ ግን ለጥ ብለው ስለሚተኙ የከሰዓቱ ጣጣ የራሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሕፃናት ማቆያ አለው፤ የሚቀበለው ግን የሠራተኛ ልጆችን ብቻ ነው። ስለዚህ ሚጣን ይዟት ወደ ንድፍ ክፍል ይገባል። እሱ ላይ ሆኖ የድልድይ ንድፉን ሲሠራ፣ እሷ ጠረጴዛው ሥር በተጣለ ወረቀት ላይ ስትሞነጫጭር ትውላለች። መምህራኑ ያያሉ፤ እንዳላየ ሆነው ያልፋሉ።

አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ነካ አደረገችውና "አባ፣ እርሳስ" አለችው። አባወራው እርሳሱን ሰጣት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደ፤ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ።

ብርዱ ሲገባ ሚጣ ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሲለቃት ጆሮዋ መግል ማውጣት ጀመረ። አባወራው መጀመሪያ የሮጠው ወደሚያውቀው ቦታ፣ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ነው። ሲስተሯ ካርዱን አገላብጣ መለሰችለት።

"ይሄ የአንተ ነው። አንተን ካመመህ ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እናይሃለን። እሷ ግን ተማሪ አይደለችም።"

"ቢቸግረኝ እኮ ነው ሲስተር። ጆሮዋን ብቻ ይዩልኝ።"

"ባይስ ምን ልሰጥህ ነው? መድኃኒት የሚወጣው በተማሪ ቁጥር ነው።" ሚጣን ላለማየት መስኮቱን እያየች ነበር የምትናገረው። ሲወጣ ግን ጠርታ አንድ ጥቅል ጥጥ በእጁ አስጨበጠችው።

መድኃኒት ቤት ሄዶ ያየውን ተናገረና ጠብታ ገዛ። መግሉ ቆመ። ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ ጠብታ፣ ደግሞ ቆመ፣ ደግሞ መጣ። ፈተናና ንድፍ ሲደራረብበት ጊዜ ጆሮዋን ጠርጎ ጥጥ መወተፍ እንደ ፊት ማጠብ ያለ የየቀን ሥራ ሆነ። አላስደነገጠውም።

ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው። ሚጣ እልኸኛ ሆነችበት። "ነይ ብዪ" ሲላት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። ደጋግሞ ሲጠራት "እ?" ብላ አፍ አፉን ታያለች። "አሞላቅቀዋት ነው" ብሎ አማቱን በሆዱ ወቀሰ። ለእትዬ ሲያዋያቸው፣ "እኔ ጋ እንዲህ አይደለችም!" ብለው ጮኹ። "አንዴ ስጠራት ከች ነው! አንተ አትቆጣትም፣ ለዚያ ነው!" እትዬ አንዴ ሲጣሩ ከሦስተኛው ግቢ ውሻ ይነሣል። ያንን ልብ ያለ ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ከግቢ ሲመለሱ ከብብቱ የንድፍ ወረቀቶቹ አመለጡትና ሊለቅም ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ሚጣ አስፋልቱ መሀል ደርሳለች።

"ሚጣ! ቁሚ! ሚጣ!"

አልዞረችም። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያምባረቀ መጣ። መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን ሲይዝ እሷ ትከሻዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ በእርጋታ መሄዷን ቀጠለች። መኪናው ፍሬኑን ሲጢጥ አድርጎ ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ "ልጅህን መያዝ ካቃተህ ምን ልትሆን ወለድክ!" አለው። አባወራው ሮጦ ገባ። ሚጣን አፈፍ አድርጎ ዳር አወጣትና መቀመጫዋን በጥፊ መታት። መትቷት አያውቅም ነበር።

"ቁሚ አላልኩሽም? አላልኩሽም?"

"አላልከኝም" አለች ሚጣ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ።

ለውሸቷ ደግሞ ደገማት።

ቤት ገብተው፣ ለቅሶዋ ወጥቶላት ጀርባዋን ሰጥታው ወለሉ ላይ ስትሞነጫጭር፣ እሱ ምድጃው ላይ ወተት ጥዶ ቆሞ ያያት ነበር። ደም ፍላቱ በርዶ ሆዱ ባብቶበታል። ቀስ ብሎ "ሚጣ" አላት። ዝም። "ሚጣዬ፣ ከረሜላ ልግዛልሽ?" ዝም። "አላልከኝም" ያለችው ድንገት በጆሮው አቃጨለበት። የድስቱን ክዳን አነሣና ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው። እትዬ ከቤታቸው ሆነው "ምንድነው የተሰበረው?" ብለው ተጣሩ። ሚጣ ቀና አላለችም። ጥላው ወረቀቷ ላይ ሲያርፍ ነው ዞራ ያየችው። ጥፊውን ረስታለች።

"አባ፣ መኪና ሠራሁ" አለችው።

አባወራው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ አልተነሣም።

በማግስቱ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ሄደ። ኃላፊው ትሁት ሰው ነበሩ፤ አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

"ባለትዳር ተማሪ በመመሪያችን አለ" አሉት። "ልጅ ያለው ተማሪ የሚል ግን የለም።"

"እኔ አለሁ እኮ። ይኸው ፊትዎ ተቀምጫለሁ።"

"አንተማ አለህ፤ ማን የለም አለህ? ልጅህ ናት የሌለችው።"

ቅስሙ ተሰብሮ ሲወጣ በረንዳው አግዳሚ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ሕፃናት በሁለቱ ጉልበቶቿ ያስቀመጠች ወጣት ነገሩን ሁሉ ሰምታ ኖሮ ሣቀች። የሕግ ተማሪ ናት። ስሟን አልነገረችውም፤ በኋላም እሱ የሚያውቃት የመንታዎቹ እናት እያለ ነው።

"'ልጅህ ናት የሌለችው' አሉህ አይደል? የእኔማ ሁለቱም የሉም" አለችና አንዱን ሕፃን ጫን ብላ አስተካከለች። "ስማኝ ወንድሜ፣ እዚህ አትድከም። እኔ ልጆቻችን በካርዳችን ይታከሙ፣ ማቆያም ይሰጠን ብዬ ሳመለክት አንድ ሴሚስተር ሞላኝ፤ ለአንተ ልጅ ግን ይሄ አይደርስላትም። ጤና ጣቢያ ሂድ። የነዋሪነት መታወቂያ ይሉሃል፤ አከራይህን ይዘህ ሂድና ይመስክሩልህ። ከዚያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ ይጽፉልሃል። የመላኪያ ወረቀት ከያዝክ የማን ልጅ ናት የሚልህ የለም።"

"ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ቂጤ እስኪላጥ ተቀምጬ ነው የተማርኩት።"

እትዬ ጥሩ ጫማቸውን አድርገው አብረውት ሄዱ። ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ "ልጅቷ እርስዎ ጋ ትኖራለች?" ቢሏቸው፣ "እኔ ጋ ካልኖረች የት ልትኖር ነው፣ ሳጥን ውስጥ?" ብለው አዳራሹን አናጉት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሣቀ። ያየችው የጤና መኮንን ግን አልሣቀችም። በመብራቷ ሁለቱንም ጆሮ አየች፤ ቀኙን ደግማ አየች። "የጆሮ ሐኪም ይያት። እንዳትቆይ" አለችና ጻፈችለት።

የጆሮ ሐኪሙ ሆስፒታሉ ውስጥ በሽተኛ የሚያየው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ቀጠሮ የምትሰጠው ልጅ "ለዚህ ሐሙስ ጠዋት ላድርግልህ?" አለችው።

በዚያው ሐሙስ ጠዋት የሴሚስተሩን ፕሮጀክት የሚያቀርቡበት ቀን ነበር። ቡድኑ የአራት ሰው ነው፤ የድልድዩ ስሌት ሁሉ ያለው እሱ እጅ ላይ ነው። ጓደኞቹ ትናንት እንኳ፣ "አባወራው፣ አንተ ከቀረህ አለቀልን" ብለውታል። አባወራው መስኮቱ ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆመ። ከኋላው ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"የሚቀጥለው ሐሙስስ?"

"እሱም ይሆናል። ወረቀትህ አያልፍበትም።"

ሚጣን አያት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሕፃን ሥዕል በጣቷ እየነካካች ነው፤ ትኩሳት የላትም፣ አላለቀሰችም። አንድ ሳምንት ምን ያመጣል አለ። "ለሚቀጥለው አድርጊልኝ" አላት።

ፕሮጀክቱ አማረ። ጥያቄ የጠየቁትን ሁሉ አሳምኖ መለሰ፤ ዋናው መምህር ተነሥተው እጁን ጨበጡት። ጓደኞቹ ትከሻውን እየደበደቡ ሻይ ጋበዙት፤ ሚጣም ኬክ በላች።

ሰኞ ማለዳ ሲነቃ አጠገቡ ያለችው ልጅ እንደ ምድጃ ትፋጃለች። ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ያለው ሥጋ ቀልቶና ተነፍቶ ጆሮዋን ወደ ፊት ገፍቶታል፤ የሌላ ልጅ ጆሮ የተለጠፈባት ትመስል ነበር። አታለቅስም። ይሄ ነው ያስፈራው፤ አታለቅስም። በብርድ ልብስ ጠቅልሏት እግሩ ጫማ ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ወጣ። እትዬ ከኋላው ምን እንዳሉት አልሰማም።

ድንገተኛ ክፍል ያያት ወጣት ሐኪም ጣቱን ከጆሮዋ ኋላ አሳርፎ ወዲያው አነሣው። መግሉ ከጆሮዋ አልፎ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል አለ። ዛሬውኑ ተኝታ መድኃኒት በደም ሥሯ ትጀምራለች፤ ነገ በቀዶ ጥገና ይከፈታል።

የሕፃናቱ ክፍል ረጅም አዳራሽ ነው። አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ በየአልጋው ሥር የእናቶች ፍራሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መስኮቶቹ ላይ የሕፃን ጨርቅና የእናቶች የውስጥ ልብስ ተሰጥቷል። ሚጣን አስተኝተው መርፌውን ካደረጉላት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ አባወራውን ወደ በሩ ጠራችው። ጠና ያለች፣ ድካም የተጫናት ሴት ናት።

"ሳይመሽ እናቷን ጥራልን። እዚህ አባት አያድርም።"

"እናት የላትም።"

"አክስትስ?"

"የለቻትም።"

"አያት?"

አባወራው ዓይኑን ወደ ሚጣ አልጋ አዞረ።

"አየህ፣ ይሄ እናቶች ለብሰው፣ አውልቀው፣ አጥብተው የሚያድሩበት ክፍል ነው። እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም።"

ክፉ አልነበረችም። ሕጉም ክፉ አልነበረም፤ ሲያስበው እሱ ራሱም ያወጣው ነበር። የተጠጋበት ግድግዳ ሁሉ ትክክለኛ ሆኖ ነው የተገኘው። ተማሪ ያልሆነች ልጅ በተማሪ ካርድ አትታከምም፤ ትክክል። ሴቶች በሚተኙበት ወንድ አያድርም፤ ትክክል። ልጁ ግን መሀል ላይ ቀረች።

ወደ ግቢው በር ወጥቶ ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ የደወለው ለመንታዎቹ እናት ነው። ለጥያቄው እንኳ ጊዜ አልሰጠችውም፤ "የዛሬን እኔ አድራለሁ። መንታዎቹን ጓደኛዬ ትይዝልኛለች፤ ቢያለቅሱ ያልቅሱባት" አለች። ሁለተኛውን ቁጥር ጣቱ ላይ ይዞ ብዙ ቆመ። ሚጣን ይዞ ከወጣባት ቀን ወዲህ ለአማቱ ሲደውል "ደህና ናት፣ ደህና ነን" ብሎ ነበር የሚዘጋው።

"እማማ" አለ፣ ሲነሣለት።

"የት ሆስፒታል ነው?" አሉት አማቱ።

በማግስቱ ደረሱ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍረው፣ አልጋ ላይ የዋሉትን ባላቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ነው የመጡት። ሚጣ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ ነበር። አባወራው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ተቀምጦ ሲያያቸው ሊነሣ ሞከረ፤ አማቱ በእጃቸው "ተወው" አሉትና ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ። ሳጥናቸውን ከፍተው ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። ያዘው፤ አልበላውም።

"ለባለፈው ሐሙስ ቀጠሮ ሊሰጧት ነበር" አለ። "ፕሮጀክት ነበረብኝ። አሳለፍኩት።"



"ገብቶኛል" አሉ አማቱ። "ትናንት ስትደውል ድምፅህ ያኔ የልጄን መርዶ የደወልክልኝ ዕለት እንደነበረው ነበር።"

ቢጮኹበት፣ ቢረግሙት በወደደ ነበር። አማቱ ግን ዳቦውን ከእጁ ወስደው ትንሽ ቆርሰው ወደ አፉ አስጠጉለት፤ እንደ ሕፃን ጎረሰ።

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያለውን ጭምብል ወደ አገጩ አውርዶ ነገራቸው። አጥንቱን ጠርገናል፣ ወደ አንጎሏ አልሄደም፣ ትተርፋለች። የቀኝ ጆሮዋ ግን መስሚያ የለውም። ግራውም ተጎድቷል፤ ቅርብ ሆነው ጮክ ብለው ቢያናግሯት ትሰማለች፤ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይላት ግን እየተከታተልን ነው የምናየው።

"ሐሙስ ባመጣት ኖሮ?" አለ አባወራው።

ሐኪሙ እሱም ገና ወጣት ነው፤ ዕድሜያቸው እኩል ሳይሆን አይቀርም። "እሱን ብነግርህ ምን ያደርግልሃል?" አለው። መልሱን የሰማው ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚጣ አዳራሹ ውስጥ በተኛችባቸው ቀናት ሁሉ አማቱ ከአልጋው ሥር አደሩ። አባወራው ጠዋት ሲፈቀድ ይገባል፣ ሲመሽ ይወጣል። የማጠቃለያ ፈተናው በዚያው መሀል አለፈ። ቢሮ ሄዶ ሲጠይቅ፣ ፈተና ያልተቀመጠ ተማሪ ሴሚስተሩን ሙሉ እንደገና ይወስዳል አሉት።

"ፕሮጀክቴስ? እሱን እኮ አቅርቤያለሁ።"

"አብሮ ይሰረዛል። ለብቻው አይያዝም።"

አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። ጓደኞቹ ወደ አምስተኛ ዓመት አለፉ።

ሚጣ ከሆስፒታል ስትወጣ አማቱ አብረዋቸው ወደ ኪራይ ክፍሏ መጡ። አልጋው ለአማቱና ለሚጣ ሆነ፤ አባወራው ከጠረጴዛው ሥር ፍራሽ አነጠፈ። አማቱና እትዬ መጀመሪያ ሰሞን አልተስማሙም፤ አማቱ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ እትዬ ደግሞ "እ? ምን አሉ?" እያሉ ይጮኹባቸዋል። ሚጣ በመሀል ተቀምጣ እትዬን ብቻ ታያለች። ስትናገር እሷም እንደ እትዬ መጮህ ጀምራለች፤ ራሷን ስለማትሰማ ነው።

አንድ ቀን አባወራው የሚጣን ፋሻ ፈትቶ ቁስሉን እያጠበ፣ ቀና ሳይል፣ "ይውሰዷት እማማ" አላቸው። "እኔ አልቻልኩም። ትክክል ነበሩ።"

"ወዴት ነው የምወስዳት?" አሉ አማቱ። "እኛ ጋ የጆሮ ሐኪም ይቅርና መርፌ የሚወጋን የምናገኘው በመከራ ነው። ሐኪሟ እዚህ ነው፤ አንተም እዚህ ነህ። ትክክል መሆኔ አሁን ምን ሊሠራልኝ?" ፎጣውን አቀበሉት። "ደግሞ ሲያማት የምትጠራው አንተን ነው። እዚያ አልጋዋ ሥር የተኛሁት እኔ፣ የምትጠራው አንተን። እጄን እየያዘች 'አባ' ትለኝ ነበር።"

የመንታዎቹ እናት ያመለከተችው ጉዳይ መልስ አገኘ። ልጆች በወላጃቸው ካርድ ይታከሙ የሚለው "በጥናት ላይ ነው" ተባለ፤ ከሕግ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው አሮጌ የወንበር መጋዘን ግን ተሰጣቸው። ልጅ ያላቸው ተማሪዎች ተሰባስበው ጠረጉት፤ ግድግዳውን ቀቡት፤ በተራ በተራ ልጆቹን መያዝ ጀመሩ። ከመሀላቸው ወንድ አባወራው ብቻ ነው። "ጡት ስለሌለህ ሽንት ጨርቁ የአንተ ነው" አሉት፤ ሣቀና ተቀበለ። የተማሪዎች ክሊኒኳ ሲስተር አንዳንድ ቀን ሥራ ስትጨርስ ቦርሳዋን ይዛ ብቅ ትላለች፤ የልጆቹን ደረት ታዳምጣለች፣ ጆሯቸውን ታያለች። ሚጣን መጀመሪያ ያየቻት ዕለት፣ መብራቷን አጥፍታ ከልጆቹ መሀል ብዙ ተቀመጠች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአማቱ ቤት ተደወለ። ሽማግሌው ባላቸው እህል መቅመስ ትተዋል። አማቱ የዚያኑ ዕለት ዕቃቸውን አሰናዱ።

አውቶቡስ ተራው በሞተር ድምፅና በተሳፋሪ ጠሪዎች ጩኸት ይናጥ ነበር። አማቱ ሚጣን አቀፏት። ከዚያ በግራዋ በኩል ዞረው፣ በሁለት እጃቸው ጆሮዋን ከልለው፣ ከንፈራቸውን አስጠግተው ረጅም ነገር ነገሯት። ሚጣ ዓይኗን ጨፍና ጸጥ ብላ ቆመች። ሲጨርሱ ግንባሯን ሳሟት፤ አባወራውን "በል ልጄ" አሉትና ሳያለቅሱ ወጡ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ነው በመስኮቱ ፊታቸውን በመሐረብ ሲሸፍኑ ያያቸው።

አባወራው ተንበርክኮ ከንፈሩን ወደምታይበት ፊቱን አዞረላት። "እማማ ምን አሉሽ?" አላት፣ ጮክ ብሎ።

ሚጣ ጆሮዋን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች።

"የእማማ ትንፋሽ ይሞቃል" አለች።

እጇን ይዞ ወደ ግራዋ አለፈ። ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ ተራ የእሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ክፍል አለው፤ ያንኑ የድልድይ ስሌት፣ ከአዲስ ተማሪዎች ጋር፣ ከመጀመሪያው።